የክረምት በለስ አበላል፦ ከእሾሁ እስከ ፍሬው

ሐምሌ ሲጋመስ አዲስ አበባ መንገድ ዳር የበለስ ሻጮች ብቅ ይላሉ። አንድ ሳፋ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ቢላ፤ ሌላ ዕቃ የላቸውም። ልጁ «ስንት ልላጥ?» ይልና ፍሬውን በሁለት ጣቱ ይዞ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ ይጥላል፤ ወገቡን በቁመቱ አንዴ ሰንጥቆ ወፍራሙን ልጣጭ ግራና ቀኝ ይገልጠዋል። ልጣጩ መዳፉ ላይ እንደ ሳህን ተዘርግቶ ይቀራል፤ ፍሬው መሃሉ ላይ ቁጭ ብሏል። እናንተ አንስታችሁ ትጎርሳላችሁ። ልጁ ፍሬውን አልነካውም፤ እናንተም ልጣጩን አልነካችሁትም።

ኪሎ ገዝቶ ቤቱ ሊልጥ የሞከረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዓይን የማያየው እሾህ ጣቱ ላይ ቀርቶበት ሁለት ቀን ይሰቃያል፤ ከዚያ ወዲያ «በለስ ይቅርብኝ» ብሎ ይተወዋል። ይህን በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ። በለስ በዓመት ሁለት ሦስት ወር ብቻ የሚገኝ ፍሬ ነው፤ የሚፈልገውም ቅደም ተከተሉን ማወቅ ብቻ ነው። እኔ የተማርኩት አዲግራት፣ አክስቴ ዘንድ ክረምቱን ባሳለፍኩባቸው የልጅነት ዓመታት ነው።

የትኛው በለስ?

ስሙ ሁለት ፍሬ ስለሚይዝ ይህን እንለይ። ዕፀ በለስ ስንል፣ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው አገለደሙ ስንል የምናነሳው ዛፍ ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው፣ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። ክረምት ላይ ሳፋ ሞልቶ የምናየው በለስ ደግሞ የቁልቋል ፍሬ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ትግርኛ ተናጋሪዎች ተክሉን «ቁልቋል ባሕሪ» ይሉታል፤ በባሕር በኩል የመጣ ቁልቋል እንደማለት ነው።

የቁልቋልን ፍሬ በበለስ ስም የጠራነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጣሊያኖች «የሕንድ በለስ» ይሉታል፤ ዓረቦች «ቲን ሾኪ»፣ ማለትም እሾሃም በለስ። ይህን የማነሳው ውጭ አገር ላላችሁ ስለሚጠቅም ነው። አሜሪካ ያላችሁ የሜክሲኮዎች ግሮሰሪ ገብታችሁ «ቱና» ብላችሁ ጠይቁ። ሳዑዲ ያላችሁ «በርሹሚ» በሉ፤ የጣኢፍ ከተማ በርሹሚ ስመ ጥር ነው። እስራኤል «ሳብረስ» ይባላል፤ እዚያም የሚበስለው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አጥር ላይ የሚቆመው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው የአገራችን ቁልቋል ሌላ ተክል ነው። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል። በለስ የሚሰጠው ቁልቋል ሲቆረጥ የሚወጣው ውሃ መሰል ዝልግልግ ነገር ነው፤ ወተት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

አመራረጥ

በለስ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ሙዝ ወይም አቮካዶ ጥሬውን ገዝቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ይቻላል፤ በለስን ግን ሳምንት ብታስቀምጡት ይጨማደዳል እንጂ አይጣፍጥም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ምርጫው ላይ ነው።

ቀለሙ ብቻውን አይበቃም፤ አረንጓዴ እንደሆነ የሚበስል ዓይነት አለ፣ ቢጫ የሚሆን አለ፣ እንደ ቀይ ሥር የሚቀላ አለ። እኔ የማየው እምብርቱን ነው። አበባው የነበረበት ጫፍ ጥሬ ሲሆን እንደ ጎድጓዳ ስኒ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲበስል እየሞላ ይመጣና ሜዳ ይሆናል። እምብርቱ ሞልቶ፣ ትከሻው ላይ ቀለሙ ከተቀየረና በቢላ ጀርባ ሲጫኑት በመጠኑ ከለሰለሰ ደርሷል። ልጣጩ ተሰንጥቆ ውሃ ያቀረረውን ተዉት፤ ዝንብ ቀድሟችኋል።

ከተክሉ ላይ የምትቆርጡ ከሆነ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። አክስቴ ፀሐይ ሳትወጣ ነበር ዘንቢሏን ይዛ የምትነሳው። ያን ጊዜ ለእኔ ቅጣት ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የበለስ ትልቁ እሾህ ችግር የለውም፣ ይታያል። አስቸጋሪው ነጠብጣቡ ላይ ጭፍግ ብሎ የበቀለው ፀጉር መሰል ደቃቅ እሾህ ነው። ንጋት ላይ ጤዛ አርሶት ስለሚተኛ አይበንም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያደርቀውና ነፋስ ሲነሳ ግን በትንሽ ንክኪ ተነስቶ ዓይን ውስጥ፣ አንገት ላይ፣ ልብስ ላይ ይሰገሰጋል። በዚያ ላይ የንጋት በለስ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ያደረ ስለሆነ ምንም ፍሪጅ ሳይነካው ቀዝቃዛ ነው። እዚያው ተክሉ ሥር ቆሞ የሚበላ የመጀመሪያ በለስ የሚሰጠውን ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም፤ ጥርስ ላይ ቅዝቃዜው፣ ምላስ ላይ የሐብሐብና የዱባ አበባ የሚመስል ስልል ያለ ሽታ፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ የሚዘገይ ጣፋጭነት።

ስትቆርጡ አትጎትቱት። በወፍራም ጓንት ወይም ጫፉ በተሰነጠቀ ረጅም እንጨት ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ ቢላ ካላችሁ ደግሞ ከሥሩ ከተሸከመው ቅጠል ትንሽ ቁራጭ አብሮት እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሥሩ ያልተቦጨቀ በለስ ብዙ ቀን ይቆያል።

ከመንካት በፊት መጥረግ

አክስቴ በየቀኑ የምትደግመው አንድ ነገር ነበር፦ «ወደይ፣ ሳይጠረግ እጅህን አታስጠጋ!» ፍሬውን ሣር ላይ ትዘረግፈዋለች፣ ነፋሱን በጀርባዋ አድርጋ ትቆማለች፣ ቅጠል በበዛበት ቅርንጫፍ እያገላበጠች ትጠርገዋለች። ሣሩ ላይ ሲንከባለል እሾሁ ይረግፋል። አንድ ጠዋት እርሷ ዞር ስትል ያልተጠረገ ሁለት ፍሬ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ሹራቡ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ኪሱ ውስጥ እጄን ባስገባሁ ቁጥር ይወጋኝ ነበር፤ በመጨረሻ ኪሱ ተቀደደና ተጣለ። ስለዚህ ሹራብ፣ ነጠላ፣ የሳህን ፎጣ ከበለስ አርቁ።

ገበያ ላይ የምትገዙት ብዙውን ጊዜ ተጠርጓል፤ ቢሆንም የቀረ እሾህ አያጣም። ቤት ስትገቡ እንዲህ አድርጉ፦

1. ፍሬውን ከፌስታሉ በቀጥታ ሳፋ ውስጥ ገልብጡት። በእጅ አትልቀሙ።

2. እስኪሸፈን ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት፤ በእንጨት ማማሰያ ለአምስት ደቂቃ ያህል እያንከባለላችሁ አማስሉት። እርጥብ እሾህ አይበንም።

3. ውሃውን ድፉና ደግሙት፤ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ውሃውን የልጆች እግር የሚረግጥበት ቦታ አትድፉ።

4. ጥርጣሬ ካላችሁ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ጋዝ እሳት ላይ አሽከርክሩት። እሾሁ ቂጭ ቂጭ እያለ ይቃጠላል፤ ፍሬው ግን ለዚያች ጥቂት ሰከንድ ምንም አይሆንም።

ለዚህ ሥራ የተጠቀማችሁበትን ስፖንጅ ለሳህን አትመልሱት። ደረቅ በለስን ቤት ውስጥ በብሩሽ መፈግፈግም ትልቅ ስሕተት ነው፤ እሾሁ አየር ላይ ወጥቶ ሶፋው ላይ ይሰፍራል።

አላላጥ

ቢላው ስለታም ይሁን። የደነዘዘ ቢላ ፍሬውን ይጫነዋል፣ የተጫነ ፍሬ ይንሸራተታል፣ የተንሸራተተ ፍሬ እጅ ያስነካል።

1. በለሱን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አጋድሙትና በግራ እጃችሁ ሹካ ወግታችሁ ያዙት። የመንገድ ዳሩ ልጅ በጣቱ የሚይዘው መቶዎችን ስለላጠ ነው።

2. ሁለቱን ጫፍ ቁረጡ፤ ውፍረቱ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሬ ትጥላላችሁ፣ ከዚያ ካነሰ ልጣጩ አይለቅም።

3. ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመቱ አንድ ሰንጥቅ አውጡ። ጥልቀቱ ልጣጩን ብቻ ይብሳ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፍሬው ጋ ሲደርስ ቢላው የሚገጥመው ነገር ይለያል፣ ልጣጩ ጠንከር ያለ ነው፣ ውስጡ ይለሰልሳል። አንድ ሁለቴ ስትሞክሩ እጃችሁ ይለምደዋል።

4. የቢላውን ጫፍ በስንጥቁ አስገብታችሁ ልጣጩን ወደ ውጭ ገልጡ። የበሰለ በለስ ከልጣጩ በቀላሉ ይላቀቃል። ተጣብቆ አልለቅ ካለ አልደረሰም ማለት ነው።

5. ፍሬውን ልጣጩ ላይ እንዳለ በሌላ ንጹሕ ሹካ አንሱት፤ የላጣችሁበት ሹካ ወደ አፍ አይሂድ።

ልጣጩን ወዲያው ሰብስባችሁ ጣሉት። ከብት ያለው ሰው ይስጣቸው፤ በደረቅ ወቅት ቅጠሉ ራሱ እሾሁ ተቃጥሎ ለከብት የሚሰጥ መኖ ነው።

ስንት፣ መቼ፣ እንዴት

በለስ ዘሩ ብዙና ጠንካራ ነው። ዘሩን ለማኘክ አትታገሉ፤ ፍሬውን በምላስና በላንቃ ጨፍልቃችሁ ጭማቂውን ጥጡ፣ ከዚያ ዋጡት ወይም ትፉት። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ክረምት ላይ ብዙ በለስ በልተው ሆዳቸው የሚደርቅ፣ አልፎም ዘሩ አንጀታቸው መጨረሻ ላይ ተጠቅጥቆ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱ ልጆች አሉ። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ በራሱ አያቆምም። እኔ ለልጅ ሁለት ወይም ሦስት፣ ለአዋቂ አምስት ስድስት እላለሁ፤ ከዚያ ጋር በቂ ውሃ መጠጣት፤ በባዶ ሆድ አለማብዛት። ለሕፃን ጭማቂውን አጥልሉለት እንጂ ፍሬውን አትስጡት።

ቀዩን ዓይነት ስትበሉ በማግስቱ ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፤ ቀለሙ ቀይ ሥር ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ነጭ ልብስም ላይ ከነካ በቀላሉ አይለቅም።

የበለስ ወቅት ከፍልሰታ ጾም ጋር መግጠሙን ሁልጊዜ እንደ ስጦታ እቆጥረዋለሁ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅዳሴ ሲወጣ፣ ቀኑን ሙሉ እህል ያልቀመሰ አፍ ላይ የመጀመሪያው ነገር ቀዝቃዛ በለስ ሲሆን ከሽሮው በፊት ጉሮሮን ያርሳል። ከመብላታችሁ ሁለት ሰዓት በፊት ልጣችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። የተላጠ በለስ ከማግስቱ አያሳልፍ፤ ያልተላጠ ግን ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል።

ጭማቂ ለሚፈልግ፦ በማሽን አትፍጩት። ዘሩ ሲፈጭ ጭማቂው አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይመራል። በእጅ ወይም በማንኪያ ጀርባ ወንፊት ላይ ጫኑት፤ ዘሩ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በለስ ኮምጣጣነት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጭማቂው ቶሎ ይበላሻል። ለአንድ ብርጭቆ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት፤ ጣዕሙም ይነቃል። በዚያው ቀን ጠጡት።

ተክሉን ግቢያቸው ለመትከል ለሚያስቡ ሰዎች፦ አንድ ቅጠል ተቆርጦ ጥላ ሥር ሳምንት ያህል ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሲሶው አፈር ውስጥ ቢገባ ይበቅላል። ቅጠሉን ከማምጣታችሁ በፊት ግን አገላብጣችሁ እዩት። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፎበት፣ በእንጨት ስትጨፈልቁት ደም የመሰለ ቀይ ከወጣው ኮቺኒል የሚባለው ነፍሳት ነው። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለቀለም ምርት ተብሎ ትግራይ ገባ፤ ከቁጥጥር ወጥቶ በተለይ በደቡብ ትግራይ ሰፊ የበለስ ምድር አደረቀ። ክረምቱን በበለስ የሚሻገር ቤተሰብ ለነበረበት አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። እንዲህ ያለ ቅጠል ከቦታው አታንቀሳቅሱ።

የዕፀ በለሱስ ፍሬ?

እስራኤል፣ ካሊፎርኒያ፣ ግሪክ ወይም ቱርክ የምትኖሩ ክረምታችን የእናንተ በጋ ነው፤ ያን ጊዜ እውነተኛው በለስ ይደርሳል። ዕብራይስጡ «ተኤና» ይለዋል። ይህም እንደ ቁልቋሉ በለስ ጥሬውን ከተቆረጠ አይጣፍጥም። ምልክቱ አንገቱ ነው። ጥሬ በለስ ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የበሰለው አንገቱን ይደፋል፣ ልጣጩ ላይ ሥሥ ስንጥቆች ይታያሉ፣ አንዳንዴም ታች ካለችው ቀዳዳው ማር የመሰለ ጠብታ ይንጠለጠላል። ጠብታውን ካያችሁ አትዘግዩ። ስትቆርጡት አንገቱ ነጭ ወተት ካፈሰሰ ገና ነው፤ ወተቱ ከንፈርና እጅ ያሳክካል።

ልጣጩ አይላጥም። በውሃ አለቅለቅ አድርጉት፣ ከታች በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ክፈቱት። ውስጡ ያለው ቀይ ክር የመሰለው ነገር አበባው ነው፤ በለስ አበባውን ወደ ውስጥ የሚያብብ ዛፍ ነው። ጉንዳን ወይም ሻጋታ አለመኖሩን እዩና ብሉ። ጨው ካልገባበት ትኩስ አይብ ጋር እጅግ ይስማማል፤ ጾም ካልሆነ ሞክሩት። ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ አይቆይም፤ የምትበሉትን ያህል ብቻ ግዙ።

አገር ቤት ዘመዱ ሾላ አለ፤ የአዲስ አበባው ሾላ ገበያ ስሙን ያገኘበት፣ ዘኬዎስ የወጣበት ዓይነት ዛፍ። ፍሬው ግንዱ ላይ ተንጠላጥሎ ይበስላል። ሳይከፍቱ መጉረስ አይገባም፤ ውስጡ ደቃቅ ነፍሳት አይጠፉበትም። ከፍታችሁ አራግፉ፣ የቀላውንና የለሰለሰውን ብሉ።

   

እሾህ ከገባ

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላም ሊገባ ይችላል። አትሹት፤ ሲታሽ ይሰበርና ውስጥ ይቀራል። በአፍ መጥባትም አይሆንም፣ ከጣት ወደ ምላስ ይዛወራል። ብርሃን ያለበት ቦታ ሆናችሁ የሚታየውን በወረንጦ በገባበት አቅጣጫ ጎትታችሁ አውጡ። የማይታየው ላይ ነጭ ኮላ ቀቡ፤ ሥሥ ጨርቅ አልብሱት፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ባንዴ ላጡት፣ ደቃቁ አብሮ ይወጣል። ኮላ ከሌለ ፕላስተር እየለጠፉ መላጥም ይረዳል። ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ዓይን ከሆነ ግን ምንም አትሞክሩ፤ በንጹሕ ውሃ ብቻ እያፈሰሳችሁ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።